ምጣዱ ሲጣድ መብራቱ ለምን ይጠፋል?

ቅዳሜ ማለዳ በሠራዊቱ መኖሪያ ሠፈር ያለፈ ሰው ከየማድ ቤቱ የሚወጣውን የእንጀራ ሽታና ከሽታውም ጋር አብሮ የሚሰማውን «መብራቱ ጠፋ!» የሚል ጩኸት ሳያስተውል አያልፍም። ትንሹ ልጅ ቴሌቪዥኑ ፊት እንደተቀመጠ ይጮኻል፤ ታላቋ ልጅ ካውያው ቀዝቅዞባት ታጉረመርማለች፤ እናትም እጇ ሊጥ እንደነካ ከማድ ቤት ወጥታ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ሳሎን ገብታ፣ በርጩማ ላይ ቆማ የወደቀውን ብሬከር በእርጥብ ጣቷ ታነሣለች። ወደ ምጣዷም ትመለሳለች። አምስት እንጀራ ካወጣች በኋላ ያው ጩኸት ይደገማል።

ነገሩ በብዙ ቤት የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ እንደ ቁም ነገር የሚያየው የለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም እንደ ቁም ነገር አላየውም ነበር። እንዲያውም «በቀላሉ የሚስተካከል ነው» ብሎ በገዛ እጁ አስተካክሎት፣ በዚሁ ማስተካከል ቤቱንና ልጁን ለእሳት ሊዳርግ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ይህን ታሪክ በቤተሰብ ማዕዘናችን ለማቅረብ ያነሣሣኝም ተመሳሳይ «ማስተካከያ» ያደረጉ ወይም ለማድረግ ያሰቡ ባልደረቦች ጥቂቶች አለመሆናቸውን መረዳቴ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአሥር ቀን ዕረፍት ወደ ቤቴ በመጣሁበት ጊዜ ባለቤቴ «ይህ ብሬከር እንጀራ ልጋግር ባልሁ ቁጥር ይወድቃል፤ ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር አድርግልኝ» አለችኝ። በአካዳሚ ቆይታዬ ስለ ካርታ ንባብ፣ ስለ ምሽግ አሠራርና ስለ ሰው አመራር ብዙ ተምሬአለሁ፤ ስለ ቤት ኤሌክትሪክ ግን አንድም ክፍለ ጊዜ እንዳልተማርሁ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም። ሣጥኑን ከፍቼ ብሬከሩን አየሁት፤ 16 አምፔር ይላል። «ችግሩ ማነሱ ነው» ብዬ ደመደምሁ። ከገበያ 32 አምፔር ገዛሁ፤ በአንድ ካቻቪቴና በአንድ ፒንሳ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ቀየርሁት። በነጋታው ባለቤቴ ሠላሳ እንጀራ ጋገረች፤ ከጎን ሻይ አፈላች፤ ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም። አመሰገነችኝ፤ እኔም ኮርቼ ወደ ግዳጄ ተመለስሁ።

ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልወደቀም። በአራተኛው ወር ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «የተቃጠለ ፕላስቲክ የመሰለ ነገር ይሸተኛል፤ ከኮርኒሱ ነው የሚመጣው፤ ልጁ ከሚተኛበት ክፍል» አለችኝ። እኔ ያለሁበት ቦታ ከቤቴ የሁለት ቀን መንገድ ነው። ዋናውን ብሬከር እንድትጥል፣ ልጁን ወደ ጎረቤት እንድታወጣ፣ ከዚያም በጦር ሠፈሩ የጥገና ክፍል ለብዙ ዓመታት በኤሌክትሪክ ሥራ ያገለገሉትን ጎረቤታችንን ሃምሳ አለቃ እንድትጠራ ነገርኋት። ከዚያ በኋላ ያለፈውን አንድ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍሁት እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ከቤቱ ርቆ በዘብ ላይ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሃምሳ አለቃው በባትሪ ብርሃን ኮርኒሱን ገልጠው ባዩ ጊዜ፣ ወደ ማድ ቤት የሚሄደው ሽቦ የተቀጠለበት ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ቀልጦ ተጣምሞ፣ የሽቦዎቹ ልባስ ተልጦ፣ መዳቡ ራቁቱን ቀርቶ አገኙት። በሁለቱ ራቁት ሽቦዎች መካከል የቀረው ክፍተት የአንዲት ጥፍር ያህል ነበር። በአጠገቡ ያለው የችፑድ ጠርዝ ጠቁሯል። ከሥሩ የልጄ አልጋ አለ።

በስልክ አነጋገሩኝ። ከእኔ በዕድሜ አባት የሚሆኑ ሰው ሲሆኑ፣ የማዕረጉን ሥርዓት ሳይለቁ እንዲህ አሉኝ፦ «ጌታዬ፣ ብሬከር ለምጣዱ አይደለም የሚቆመው፤ ለሽቦው ነው። የቆመው ዘብ ጠላት ባየ ቁጥር ቢጮህብዎት፣ እሱን አንሥተው የማይሰማ ዘብ አቆሙበት።»

ብሬከሩ የማን ዘብ ነው?

ዕረፍት አግኝቼ ስመለስ ሃምሳ አለቃው ወረቀትና እርሳስ አስይዘው ያስረዱኝን ነገር ላቅርብ። ሒሳቡ ከአራተኛ ክፍል የሚያልፍ አይደለም።

በአገራችን ቤቶች የሚገባው ኤሌክትሪክ በአንድ ፌዝ 220 ቮልት ነው። የእኛ ምጣድ 3,800 ዋት ይፈጃል፤ 3,800 ለ220 ሲካፈል ከ17 አምፔር ትንሽ ይበልጣል። ሻይ የምናፈላበት ማንቆርቆሪያ 2,000 ዋት ነው፤ እሱም 9 አምፔር ይሆናል። ሁለቱ በአንድነት ሲሠሩ 26 አምፔር በአንድ ሽቦ ይጓዛል ማለት ነው። ያ ሽቦ ደግሞ ቤቱ ሲሠራ ለሶኬት ተብሎ የተዘረጋ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ነበር፤ እንዲህ ላለው ሽቦ የተለመደው ብሬከር 16 አምፔር ነው።

በብሬከሩ ሆድ ውስጥ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። አንደኛው ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ቀጭን ልሳን ነው፤ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ቀስ በቀስ ይግልና ይጎብጣል፤ ጎብጦም መቆለፊያውን ይፈታል። ሁለተኛው በሽቦ የተጠመጠመ ማግኔት ሲሆን፣ ፌዝና ኒውትራል በቀጥታ የተነካኩ እንደሆነ በቅጽበት ይጥለዋል። ባለቤቴ ምጣዱን ብቻውን ስትጥድ 16 አምፔሩ ብሬከር የሚችለው ለዚህ ነው፤ ከ17 አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ጭነት ልሳኑን ለማጉበጥ አይበቃም። ማንቆርቆሪያው ሲጨመር ግን ልሳኑ መጋል ይጀምርና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጥላል። «ብሬከሩ ተበላሽቷል» የምንለው ሥራውን በትክክል በሚሠራበት ሰዓት ነው።

እኔ ባስገባሁት 32 አምፔር ብሬከር ዓይን ደግሞ 26 አምፔር ምንም አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ቢያልፍ አይጥለውም። ሽቦው ግን ያው ሽቦ ነው። ከዋናው ቤት እስከ ማድ ቤቱ 20 ሜትር ነው፤ ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ 40 ሜትር ይሆናል። በዚህ ርዝመት ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ ላይ 26 አምፔር ሲያልፍ ሽቦው ራሱ ወደ 190 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። ይህ ሙቀት በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ መውጫ አጥቶ ይታመቃል። የሽቦው የፕላስቲክ ልባስ ብዙውን ጊዜ እንዲችል ተደርጎ የሚሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው።

ከዚህም የከፋው መቀጠያው ነበር። ሽቦዎቹ በጣት ተጠምዝዘው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልለዋል። የላላ መቀጠያ አንድ አሥረኛ ኦም ያህል እንኳ ቢያስቸግር፣ 26 አምፔር ሲያልፍበት በዚያች ነጥብ ላይ ብቻ 68 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። የቀድሞውን ባለ 60 ዋት አምፑል በርቶ ሳለ በእጁ የነካ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ያን አምፑል በተዘጋ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ከቶ በችፑድ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ከልጄ አልጋ በላይ ያስቀመጥሁት ይህንን ነበር።

ለማድ ቤቱ የራሱ ሣጥን

ሃምሳ አለቃው ያቀረቡት መፍትሔ ለማድ ቤቱና ከእሱ ጋር ለተያያዘው ሰርቪስ ክፍል ሁለተኛ የብሬከር ሣጥን ማቆም ነበር። ይኸውም ከዋናው ሣጥን አንድ ወፍራም ሽቦ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ማድ ቤቱ ይሄዳል፤ እዚያም በራሱ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ለምጣድ፣ ለሶኬትና ለመብራት ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሁለተኛ ሣጥን ኃይል አይጨምርም። ከሻለቃው ርቆ ለሠፈረ ሻምበል የራሱ የስንቅ መጋዘን ቢከፈትለት ሻለቃው የሚታደለው ስንቅ በአንድ ኩንታል እንኳ አይበዛም። የሚገኘው ጥቅም የአከፋፈል ሥርዓት ነው፤ ስንቁ በትክክለኛው መንገድ ይጓዛል፤ የጎደለው ነገር እዚያው ይታወቃል፤ በዚያ መጋዘን የተፈጠረ ችግር ሻለቃውን በሙሉ አያስርብም። የማድ ቤቱ ሶኬት ላይ ጥፋት ቢደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው የማድ ቤቱ ብሬከር ነው፤ የልጁ መጽሐፍ ማንበቢያ መብራት እንደበራ ይቆያል። እናትም በርጩማ ፍለጋ ግቢ አታቋርጥም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ቆጣሪው ሥር ያለው ዋና ብሬከር ነው። የእኛው 40 አምፔር ሆኖ ተገኘ። ለማድ ቤቱ 32 አምፔር ብንመድብና በዚያው ሰዓት በዋናው ቤት ቦይለርና ካውያ ቢበሩ ጭነቱ ከ40 ያልፋል። በመሆኑም ቤታችን ውስጥ አንድ ደንብ ወጣ፦ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ቦይለር አይበራም። ደንቡን ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ ሲጣስ የምትቀጣውም እሷው ናት። ዋናው ብሬከር ከዚህ ያነሰባቸው ወይም ጭነታቸው የበዛባቸው ግን እናቶቻችን ዛሬም «መብራት ኃይል» ከሚሉት ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ዘንድ ቀርበው ጭነት እንዲጨመርላቸው ወይም ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ እንዲገባላቸው መጠየቅ ይገባቸዋል። የቆጣሪውን ማኅተም ሰብሮ ከውስጥ የሚጎረጉር «ባለሙያ» የመጣ እንደሆነ ከበር መመለስ ነው።

ለእኛ ቤት የተመረጠው ባለ 10 ካሬ የመዳብ ሽቦ ነው። ሃምሳ አለቃው 6 ካሬም ለ32 አምፔር የሚውል መሆኑን አልደበቁኝም፤ ነገር ግን በቱቦ ውስጥ የሚቀበር ስለሆነና ነገ የሚጨመር ነገር ስለማይጠፋ ወፍራሙን መከሩ። ልዩነቱን በሒሳብ ብናየው ቀድሞ 190 ዋት ይግል የነበረው መንገድ በ10 ካሬ ሽቦ ከ50 ዋት በታች ይወርዳል። ከ7 ቮልት በላይ ይጠፋ የነበረውም ወደ 2 ቮልት ዝቅ ይላል። ባለቤቴ ይህን ያወቀችው በቮልት መለኪያ አይደለም፤ «ምጣዱ ቶሎ ይግላል» አለች።

ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የ5,150 ሜጋ ዋት አቅሙን በቴሌቪዥን የሰማነው ሁላችንም ነን። ያ ኃይል ከጉባ ተነሥቶ በታላላቅ ምሰሶዎች አገር አቋርጦ መጥቶ፣ በመጨረሻዎቹ 20 ሜትሮች ላይ በናስትሮ በተጠቀለለ መቀጠያ ሲሸነፍ ማየት የሚያሳዝን ነው። ያቺን 20 ሜትር የሚዘረጋ ሌላ ማንም የለም፤ የባለቤቱ ኃላፊነት ናት።

ሥራው በተሠራበት ዕለት ሃምሳ አለቃው በመጀመሪያ ያደረጉት ዋናውን ብሬከር ጥለው ሣጥኑን መቆለፍና «ሰው እየሠራ ነው፤ አትንኩ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ነበር። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያም ሽቦው በእርግጥ ባዶ መሆኑን በቴስተር ሞከሩ፤ ቴስተሩ ራሱ ደኅና መሆኑንም አስቀድመው በሚሠራ ሶኬት ላይ ፈትነው ነበር። እኔ ሃያ ደቂቃ የፈጀብኝን ሥራ ሳስታውስ እንዲህ ያለ ነገር አንዱንም እንዳላደረግሁ ልናገር ይገባኛል። ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ገብቶ 60 ሳንቲ ሜትር በተቆፈረ ቦይ ተቀበረ፤ ከላዩ አሸዋ፣ ከአሸዋውም በላይ ነገ በዶማ የሚቆፍር ሰው የሚያየው የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ተነጠፈ። በልብስ ማስጫ ገመድ ጎን በአየር ላይ የሚንጠለጠል ሽቦ በሠፈራችን ብዙ ቦታ ይታያል፤ ርካሽ ነው፤ ዳሩ ግን ነፋስና ፀሐይ እየበሉት ይኖራሉ።

በሣጥኑ ውስጥ ለምጣዱ ብቻ የሚያገለግል 20 አምፔር ብሬከር ገባ፤ ከእሱም ባለ 4 ካሬ ሽቦ ወደ ምጣዱ ይሄዳል። ምጣድ በተራ ሶኬትና በዲቫይደር ሊሰካ አይገባውም፤ የሶኬቱ ጆሮ 16 አምፔር ነውና ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ለሶኬቶች 16 አምፔር በ2.5 ካሬ፣ ለመብራት 10 አምፔር በ1.5 ካሬ ተመደበ። አንድ ቦታ ለትርፍ ባዶ ተተወ።

የሚቀጥለው ነጥብ ብዙ ሠራተኞች የሚሳሳቱበት ስለሆነ ባለሙያ ስታሠሩ ቆማችሁ እንድታዩት አደራ እላለሁ። ከዋናው ሣጥን ወደ ሁለተኛው የሚሄዱት ሽቦዎች ሦስት ናቸው፦ ፌዝ፣ ኒውትራልና የምድር ሽቦ። ሁለት ብቻ ዘርግቶ «ይሠራል» የሚል ሠራተኛ እውነቱን ነው፤ ይሠራል፤ የጎደለው ሽቦ የሚፈለገው አደጋ በሚደርስበት ቀን ነው። በሁለተኛው ሣጥን ውስጥ የኒውትራሉ መደርደሪያና የምድሩ መደርደሪያ ለየብቻ ሆነው ከቶ መነካካት የለባቸውም። እዚያ ከተገናኙ ወደ ኋላ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ ከፊሉ በምድር ሽቦው በኩል ይጓዛል፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን የተቆረጠ እንደሆነም የምጣዱ ብረት፣ የፍሪጁ አካልና ከምድር ሽቦው ጋር የተያያዘው ሁሉ ኤሌክትሪክ ይለብሳል።

«ምጣዱ ይነዝራል»

እስካሁን የተነጋገርነው ሽቦውን ከእሳት ስለመጠበቅ ነው። ሰውን መጠበቅ ሌላ ነገር መሆኑን ግን ሃምሳ አለቃው እስኪነግሩኝ ድረስ አላውቅም ነበር።

እናቶች «ይህ ምጣድ ይነዝራል» ሲሉ ያልሰማ የለም። ጎረቤቶቻችን ለዚህ ያበጁት ዘዴ የፕላስቲክ ጫማ መጫማት ወይም ጣውላ ላይ መቆም ነው። ምጣዱ የሸክላ ነው፤ በዘመን ብዛት ይሰነጠቃል፤ ሊጥና ውሃ በስንጥቁ እየሰረገ ከሥር ወዳለው ወደሚግለው ሽቦ ይደርሳል። ያን ጊዜ የምጣዱ የብረት ከፈፍ ኤሌክትሪክ ይይዛል። የማድ ቤቱ ወለል ደግሞ እርጥብ ነው።

እርጥብ እጅና እርጥብ እግር ያለው ሰው አካል 1,000 ኦም ያህል ይሆናል ብንል፣ በ220 ቮልት የሚያልፍበት 0.22 አምፔር ነው። ይህ ሰውን ለመግደል የሚበቃ ነው። 20 አምፔር የሚጠብቀው ብሬከር ግን ይህን ከቶ አያየውም፤ እናትየዋ ወድቃ ብሬከሩ እንደቆመ ይገኛል። «ማድ ቤቱ አጠገብ የመዳብ ዘንግ ቀብረናል» ማለትም ብቻውን አያድንም። ዘንጉ ከአፈሩ ጋር ያለው ግንኙነት 50 ኦም ቢሆን ወደ ምድር የሚፈስሰው ከአራት ተኩል አምፔር አይበልጥም፤ ብሬከሩ አሁንም ተኝቷል። ዘንጉ ይጠቅማል፤ ከዋናው ሣጥን የሚመጣውን የምድር ሽቦ ግን አይተካም።

ለሰው ዘብ የሚቆመው በባለሙያዎች ዘንድ አር.ሲ.ዲ. የሚባለው መሣሪያ ነው። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ዘወትር ያመሳክራል። ልዩነቱ ሠላሳ ሺኛ አምፔር ላይ፣ ማለትም 0.03 አምፔር ላይ ሲደርስ፣ የጎደለው በሰው አካል ወይም በምድር በኩል አምልጧል ማለት ነውና ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። በእኛ ሣጥን ውስጥ ምጣዱና ሶኬቶቹ በዚህ መሣሪያ ሥር ናቸው፤ መብራቱ ግን ለብቻው ተደረገ። እንዲህ የሆነው መሣሪያው ማታ በሚወድቅበት ጊዜ ባለቤቴ ከጋለ ምጣድ ጎን በጨለማ እንዳትቆም ነው።

ሣጥኑ በተተከለ በሳምንቱ ምጣዱ ሲበራ አር.ሲ.ዲ.ው ወደቀ። አንሥተን ሞከርን፤ ወደቀ። አንድ የሠፈር ሠራተኛ «ይህን ነገር አውጡትና በቀጥታ ላገናኝላችሁ» አለ። ሃምሳ አለቃው ግን ምጣዱን ገልብጠው ከሥሩ ሊጥ የጠጣ ስንጥቅ አሳዩን። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቴን ሲነዝራት የነበረው ይኸው ነው። ሸክላው ተቀየረ፤ መሣሪያውም ከዚያ ወዲህ በከንቱ አልወደቀም። በፊቱ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በወር አንድ ቀን መጫን ያስፈልጋል፤ ሲጫን መውደቅ አለበት፤ ካልወደቀ ሞቷል ማለት ነውና ይቀየራል።

ገበያ ላይ

ሽቦ ስትገዙ በልባሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ሚዛን ይዞ መሄድ የሚያሳፍር ከመሰላችሁ ይህን አስታውሱ፦ ባለ 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ 100 ሜትር ጥቅልል ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን 2 ኪሎ ከ240 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ልባሱ ሲጨመር ከዚያ ይከብዳል። ጥቅልሉ በሙሉ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ከሆነ ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይ ርዝመቱ ጎድሏል፣ ወይ መዳብ አይደለም። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ከውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ማግኔት ከያዘው ደግሞ ብረት አለበት። ባለቤቴ ይህን ዘዴ ከተማረች ወዲህ ሁለት ሱቅ ውስጥ ተጣልታለች።

ሣጥኑ የሚሰቀልበት ቦታም ይታሰብበት። ከምጣዱ በላይ ወይም ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ከተሰቀለ የእንጀራው እንፋሎት ውስጡ ገብቶ ጠል ይሆናል፤ ብሎኖቹንም ያዝጋል። የእኛው ከማድ ቤቱ በር ውጪ፣ ከበረንዳው ክዳን ሥር፣ ልጅ በማይደርስበት፣ እናት ግን ያለ በርጩማ በምትደርስበት ከፍታ ተሰቅሏል። በጦር ሠፈሩ ቤት የሚኖሩ ባልደረቦች ይህን ሥራ በራሳቸው ፈቃድ ሊጀምሩ አይገባም፤ ለጥገና ክፍሉ ማመልከት ነው። በኪራይ ያሉትም አከራያቸውን ያስፈቅዱ፤ ሥራውንም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። እኔ ራሴ በዚያ ቀን የሠራሁት ቦይ መቆፈር ብቻ ነበር።

መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ ስለሚደርሰው አደጋም ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ይጎድላል። እንጀራ በመጋገር ላይ ሳሉ መብራት ይሄዳል፤ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል፤ ሲዘገይ ጎረቤት ይኬዳል፣ ለቅሶ ይደረሳል። ምጣዱ እንደበራ መሆኑ ተረስቷል። መብራቱ ባዶ ቤት ላይ ይመለስና ምጣዱ ሊጥ ሳይኖርበት፣ ምናልባትም ጨርቅ ወይም የሰፌድ ክዳን ላዩ ላይ እንዳለ ይግላል። ሣጥኑ ከማድ ቤቱ በር ላይ በመሆኑ ባለቤቴ አሁን መብራት እንደሄደ የምጣዱን ብሬከር ታወርዳለች፤ እጇን በፎጣ ካደረቀች በኋላ። ልጁም ለምዶ፣ መብራት በሄደ ቁጥር «እማዬ፣ ምጣዱ!» እያለ ይጣራል።

ብሬከር ሲወድቅ የምታደርገውንም ታውቃለች። የተሰካውን ሁሉ ትነቅላለች፤ ጥቂት ትጠብቃለች፤ አንድ ጊዜ ታነሣለች። ዳግመኛ ከወደቀ አትታገለውም፤ ሃምሳ አለቃውን ታስጠራለች።

በሣጥኑ መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእሷ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «1 ምጣድ። 2 ሶኬት። 3 መብራት» ይላል። አራተኛው ባዶ ቦታ ለትርፍ የተተወው ነው፤ ባለፈው ዕረፍቴ ስከፍተው ግን ከቁጥሩ ፊት «ልብስ ማጠቢያ» ተብሎ ተጽፎበት አገኘሁት። ማሽኑ ገና አልተገዛም።